አዲሱ የቀበሌ መሬት ኮሚቴ ከየት ይጀምር?

ጥያቄ

የተከበሩ የሕግ ባለሙያ፣ የምጽፍልዎት ከደቡብ ወሎ ነው። ቀበሌያችን በፍጥነት እያደገች ካለች ከተማ ጋር ትዋሰናለች። የቀድሞው የቀበሌ መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ ሕዝቡ ባቀረበው ቅሬታ ከቦታው ተነሥቶ በቅርቡ አዲስ ተመርጧል። እኔም ሰብሳቢ እንድሆን ተደርጌያለሁ። ዕድሜዬ ወደ ስልሳ ተጠግቷል፤ ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ ኑሮዬ እርሻ ነው።

የጠበቀን ቅሬታ ብዙ ነው። ባሏ የሞተባት አንዲት እናት ደብተሯ ላይ ያለው ማሳ በአዲሱ ልኬታ ጊዜ በባሏ ወንድም ስም ተመዝግቦ አገኘችው። የወል ግጦሻችን ግማሹ «ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ አለን» ባሉ ሰዎች ታጥሯል። ከተማ ዳር ያሉ ማሳዎች በኪራይ ውል ስም ይሸጣሉ፤ ሲነጋ የጨረቃ ቤት ቆሞባቸው እናያለን። ለልኬታ የሚመጣው ባለሙያ የውሎ አበል ካልተዋጣለት ሜትሩን አይዘረጋም። ገበሬው ወረዳ ሲሄድ «ነገ ና» ይባላል፤ ነገ ሲሄድ ደግሞ ጉዳይ ገዳዩ በር ላይ ይጠብቀዋል።

አንዳንድ ጎረቤቶቼ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይሉኛል። እኔ ለልጆቼ የተበላሸ ስም ማውረስ አልፈልግም። ስለዚህ ሦስት ነገር ይንገሩኝ፦ ከየት እንጀምር? ከአቅማችን በላይ የሆነውን ለማን እናቅርብ? እኛ ራሳችንስ እንዳንበላሽ ምን እናድርግ?

ስሜ ይቆይልኝ፤ ከደቡብ ወሎ

መልስ

የተከበሩ ሰብሳቢ፣ የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ «እነ እገሌ በሉ» የሚሉ ናቸው። «እኛስ እንዳንበላ ምን እናድርግ?» የሚል ብዙም አይደርሰኝም። ስለዚህ ሦስተኛውን ጥያቄዎን አስቀድሜዋለሁ፤ የሌሎቹም መልስ የሚቆመው በእርሱ ላይ ነው።

ዋናው ምክሬ ይህ ነው። በቀበሌ ደረጃ መሬት የሚዘረፈው ውሳኔ በቃል ሲሰጥና መዝገብ ሲደበቅ ነው። ኮሚቴያችሁ እያንዳንዱን ማመልከቻ በጽሑፍ ተቀብሎ፣ በጽሑፍ ምክንያቱን ገልጾ ከመለሰና ውሳኔውን አደባባይ ካነበበ፣ ከዘረዘሯቸው ጥፋቶች አብዛኞቹ መደበቂያ ያጣሉ። ለዚህ ስምንተኛ ክፍል ይበቃል።

ችግሩ ከየት መጣ?

የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31/1967 ሲወጣ፣ በ800 ሄክታር ገደማ አንድ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ተደነገገ። ማኅበሩ መሬት ይደለድላል፤ የፍርድ ሸንጎውም ክርክሩን ይዳኛል። ማከፋፈልና መፍረድ በአንድ ጣሪያ ሥር ሆኑ ማለት ነው። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተካሄደው የመሬት ሽግሽግ ደግሞ ቀድሞ በገበሬ ማኅበር አመራርነት የሠሩ ሰዎች «ቢሮክራሲ» ተብለው ተፈርጀው ይዞታቸው እንዲቀነስ ተደረገ። በፍረጃው የተቆረጠበት ሰው ቅሬታውን እስከ ዛሬ ያነሣል። ከሁለቱም ዘመን የምንማረው፣ የቀበሌ ሰው መሬትን በሚያህል ነገር ላይ በስም ዝርዝርና በስብሰባ ድምፅ ብቻ ከወሰነ ቂሙ ትውልድ እንደሚሻገር ነው።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የተሰጠው አረንጓዴው የይዞታ ደብተር ትልቅ መሻሻል ነበር። የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ በአንድ ደብተር ላይ መስፈሩ ብዙ ሴቶችን ጠቅሟል። ይሁን እንጂ በመጀመሪያው ደረጃ ምዝገባ ማሳው የተገለጸው በአዋሳኞች ስምና በግምት ልክ ነበር። ካርታ የመጣው በሁለተኛው ደረጃ ነው። መሬቱ ጤፍና ማሽላ ብቻ ሲያበቅል ግምቱ ብዙ አላጣላም፤ ከተማው ሲቀርብ ግን እያንዳንዷ ክንድ ገንዘብ ሆነች።

ይህን ገንዘብ የፈጠረው የሁለት ዋጋዎች ልዩነት ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ገበሬው ካሳ ያገኛል። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ለዘለቄታው የሚነሣ የገጠር ባለይዞታ የልማት ተነሺ ካሳ የሚሰላው ከመነሣቱ በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት ካገኘው ዓመታዊ ገቢ ከፍተኛው በ15 ተባዝቶ ነው። ስሌቱ የሚነሣው ከምርት ነው። ያው ማሳ ወደ ከተማ ከገባ በኋላ ግን በካሬ ሜትር ይጠየቃል። በእነዚህ ሁለት ዋጋዎች መካከል ደላላው ይገባል። ገበሬውም «ነገ መንግሥት ሊወስደው ዛሬ ልሽጠው» ብሎ ይደነግጣል። የከተማው ፕላን ወዴትና መቼ እንደሚሰፋ ቀድሞ የሚያውቅ ሹም ደግሞ መሬት ሳይነካ ወሬውን ብቻ ሸጦ ሊከብር ይችላል። ስለዚህ ከማዘጋጃ ቤቱ የጸደቀውን የከተማ ፕላን ወሰን በጽሑፍ ጠይቃችሁ ሕዝቡ በሚያየው ቦታ ለጥፉት። ሁሉ ያወቀው ወሬ ዋጋ የለውም።

ችግሩ የእናንተ ቀበሌ ብቻም አይደለም። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2012 ስለ ኢትዮጵያ ሙስና ባሳተመው ጥናት፣ እንደ ጤናና ትምህርት ካሉ ዘርፎች ይልቅ ሙስና ሥር የሰደደባቸው ብሎ ከጠቀሳቸው አንዱ መሬት ነው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርም በ2013 ዓ.ም. ባስጠናው ጥናት ከ1 ሺህ 300 ሄክታር በላይ መሬት በሕገወጥ መንገድ ተይዞ መገኘቱን ለሕዝብ አሳውቋል። ዋና ከተማ ውስጥ ይህን ያህል መሬት ተይዞ ከቆየ፣ አንድ ሰብሳቢ ብቻውን በቅንነት የሚመልሰው ነገር አይሆንም። አሠራር ያስፈልጋል።

ራሳችሁን መጠበቂያ

አንደኛ፣ ከራሳችሁ መሬት ጀምሩ። በመጀመሪያው የሕዝብ ስብሰባ ላይ የእያንዳንዱ የኮሚቴ አባልና የትዳር ጓደኛው ይዞታ ከመዝገብ ይነበብ፦ ስንት ማሳ፣ የት፣ ከማን ጋር የሚዋሰን። የሀብት ማሳወቅና ማስመዝገብ አዋጅ ቁጥር 668/2002 ተሿሚዎች፣ ተመራጮችና የተወሰኑ የመንግሥት ሠራተኞች ሀብታቸውን እንዲያስመዘግቡ ያዛል። እናንተ ያንን አስገዳጅነት ሳትጠብቁ በፈቃዳችሁ አድርጉት። ከሥልጣን ስትወርዱ ይኸው ዝርዝር እንደገና ይነበባል። «ሲሾም ያልበላ» ለሚለው ተረት የተሻለ መልስ አላውቅም።

ሁለተኛ፣ የዘመድ ጉዳይ ሲመጣ ከወንበር ተነሡ። በአንድ ቀበሌ ውስጥ ሁሉም ሰው የሁሉም ዘመድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለዚህ ወሰኑን አስቀድማችሁ ጻፉት። የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ፣ ልጅ፣ እኅትና ወንድም፣ አማች፣ አበልጅ፣ እንዲሁም ማሳው የአባሉን ማሳ የሚነካ ጎረቤት ጉዳይ ሲቀርብ አባሉ ከስብሰባው ይወጣል። መውጣቱም በቃለ ጉባኤው ይሰፍራል። ዘመድም ቢቀየም በአባሉ ላይ ሳይሆን በደንቡ ላይ ይቀየማል።

ሦስተኛ፣ ማኅተም፣ መዝገብና ቁልፍ በአንድ ሰው እጅ አይደሩ። ማኅተሙ ሰብሳቢው ጋ፣ መዝገቡ ጸሐፊው ጋ፣ የሣጥኑ ቁልፍ ሦስተኛ አባል ጋ ይሁን። የቃለ ጉባኤው ገጾች አስቀድመው ቁጥር ይሰጣቸው። የተሳሳተ ቃል አይፋቅም፤ በአንድ መስመር ተሰርዞ ይፈረምበታል። ባዶ መስመር አይተው፤ በኋላ የሚጨመር ስም የሚገባው በዚያ ነውና።

አራተኛ፣ የማመልከቻ መዝገብ ክፈቱ። ተራ ቁጥር፣ ማመልከቻው የገባበት ቀን፣ የአመልካቹ ስም፣ ጉዳዩ፣ መልስ የሚሰጥበት ቀን፣ የተሰጠው መልስና ፊርማ የሚሰፍሩባቸው ዓምዶች ይበቃሉ። አመልካቹ ቁጥርና ቀን የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ይዞ ይሂድ። መጻፍ የማይችል ሰው ማመልከቻው ይጻፍለት፣ ይነበብለት፣ በአውራ ጣቱ ይፈርም። «ነገ ና» በዚህ መዝገብ ላይ የሚጻፍበት ዓምድ የለውም። ጉዳይ ገዳይ የሚኖረውም በዚያ «ነገ ና» ነው፤ መልስ የሚሰጥበት ቀን ሲታወቅ የሚሸጠው ነገር ያጣል።

አምስተኛ፣ ውሳኔ አደባባይ ይውጣ። በየወሩ የተሰጡ ውሳኔዎች በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፉ። ማንበብ ለማይችለው ደግሞ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በመስጊዱ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ በገበያም ቀን ይነበቡ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን እንዳለበት ይደነግጋል። በቀበሌ ደረጃ ይህ አንቀጽ የሚፈጸመው እንዲህ ነው።

የተዘረዘሩት ጉዳዮች

የእናታችንን ጉዳይ አስቀድሙት። በባልና ሚስት ስም በጋራ በተመዘገበ ይዞታ ላይ የራሷ ድርሻ የራሷ ነው። የውርስ ጥያቄ የሚነሣው በሟቹ ድርሻ ላይ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ስሕተት የሚፈጠረው ብዙ ጊዜ በልኬታው ዕለት ባለይዞታዋ ሳትኖር ሌላ ሰው ድንበር ሲያመለክት ነው፤ ረቂቁ ለሕዝብ እይታ ሲለጠፍም ሳታየው ያልፋል። የቆየውን ደብተሯን፣ የግብር ደረሰኞቿንና የአዋሳኞቿን ስም ይዛ ለወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት የመዝገብ ማስተካከያ ማመልከቻ ታስገባ። ኮሚቴው ደግሞ ስለ ማሳው የሚያውቀውን ብቻ፣ ሳይጨምርና ሳይቀንስ፣ በጽሑፍ ያቅርብ። የባሏ ወንድም «የእኔ ነው» ብሎ ከተከራከረ ግን ጉዳዩ የሽማግሌና የፍርድ ቤት ነው። እናንተ ዳኛ አይደላችሁም፤ እጅ አውጥታችሁ ባለይዞታ መምረጥ አትችሉም። ክርክሩ እስኪያልቅ ማሳው ለሌላ እንዳይተላለፍ እርሷ ፍርድ ቤቱን የዕግድ ትዕዛዝ ልትጠይቅ ትችላለች። ይህን መብቷን ብትነግሯት ትልቅ እርዳታ ነው።

ስለ ወል ግጦሹ፣ የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ መብት አይፈጥርም። ባለይዞታነት የሚረጋገጠው በሕጉ መሠረት በተደረገ ምዝገባ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የወል መሬቱ በማኅበረሰቡ ስም መመዝገቡንና ካርታ እንዳለው ከወረዳው ማረጋገጥ ነው። ካልተመዘገበ ተጠቃሚውን ሕዝብ ሰብስባችሁ፣ ድንበሩን በአዋሳኞች ፊት ችካል አስመትታችሁ፣ ምዝገባውን በጽሑፍ ጠይቁ። ቀጥሎ የድጋፍ ደብዳቤዎቹን ቅጂ አሰባስቡ፦ ማን ፈረመ፣ በየትኛው ቃለ ጉባኤ፣ በምን ቀን? ቃለ ጉባኤ የሌለው ደብዳቤ ከተገኘ ከነቅጂው ለወረዳው አስተዳደር ይተላለፍ። አጥሩን በራሳችሁ ለማፍረስ እንዳትሞክሩ፤ ለፀብ ከመዳረጉም በላይ ሕገወጡን ሰው ከሳሽ ያደርገዋል። ደግሞም ከታጠረው ውስጥ መሬት አጥተው የሚቸገሩ ወጣቶች ካሉ፣ ችግራቸው እውነተኛ መሆኑን አትርሱ። ተደራጅተው የሚጠይቁበትን ሕጋዊ መንገድ ማሳየት የኮሚቴው ሥራ ነው።

በኪራይ ስም የሚደረግ ሽያጭን ለመከላከል ዋናው መሣሪያ ምዝገባ ነው። የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ሕጎቻችን፣ ማለትም የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 1324/2016ም ሆነ የክልሉ የተሻሻለው አዋጅ ቁጥር 252/2009፣ ኪራይን ይፈቅዳሉ። ሽያጭን ግን አይፈቅዱም። ውል ይዘው ሲመጡ ባልና ሚስት ሁለቱም በአካል ይገኙ፤ ውሉ በግልጽ ቋንቋ ይነበብላቸው፤ የኪራይ ዘመኑና ክፍያው ይጠየቅ። ተከራዩ ሊያርስ ነው ወይስ ሊገነባ? ገንዘቡ ለስንት ዓመት ነው? ክፍያው ለኪራይ ከሚሰጠው እጅግ የበዛ ከሆነ፣ ወይም ውሉ «ዳግመኛ አልጠይቅም» የሚል ቃል ካለው፣ ያ ሽያጭ ነው። አስተያየታችሁን ጽፋችሁ ለወረዳው ላኩት። ለገበሬውም ቁርጡን ንገሩት፦ የመሬት ሽያጭ ውል በሕግ ፊት ዋጋ የለውም፤ ሻጭም ገዥም ለዓመታት ፍርድ ቤት ይመላለሳሉ፤ የጨረቃ ቤቱም አንድ ቀን ይፈርሳል። የከተማ መስፋፋት ሲመጣ ስሙ በመዝገብ ላይ የቆየ ባለይዞታ ካሳ ይጠይቃል። በድብቅ የሸጠ ግን ካሳውን በምን ማስረጃ ይጠይቃል?

የባለሙያው የውሎ አበል የመሥሪያ ቤቱ ግዴታ እንጂ የገበሬው አይደለም። በሕግ የተወሰነ የአገልግሎት ክፍያ ካለ በሕጋዊ ደረሰኝ ይከፈላል፤ ደረሰኝ የሌለው ክፍያ ጉቦ ነው። በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 መሠረት ጉቦ መቀበል ብቻ ሳይሆን መስጠትም ያስቀጣል፤ ይህን ሕዝቡ ይወቅ። የአገልግሎት ክፍያውን ዝርዝር ከወረዳው ጠይቃችሁ ለጥፉ። ልኬታ ሲኖር ቀኑ አስቀድሞ ይነገር፤ የአራቱም አቅጣጫ አዋሳኞች ይገኙና በልኬታው ወረቀት ላይ ይፈርሙ። አራት ጎረቤት በቆመበት ሜትር አይሳብም።

ከአቅም በላይ ሲሆን

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ለዩ። መልስ መዘግየት፣ ምክንያት የሌለው እምቢታ፣ አድልዎና ማንገላታት የአስተዳደር በደል ናቸው። ገንዘብ መቀበል፣ ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀት፣ ሥልጣንን ያለአግባብ መገልገል ደግሞ ወንጀል ነው። መንገዳቸው ይለያያል፤ አንዱን በሌላው በር ብታንኳኩ ጊዜ ታጠፋላችሁ።

የአስተዳደር በደል ሲሆን መጀመሪያ ለዚያው መሥሪያ ቤት ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለወረዳውና ለዞኑ የቅሬታ ሰሚ አካላት በጽሑፍ አቅርቡ። ይህ ካልሠራ የኢትዮጵያ ሕዝብ ዕንባ ጠባቂ ተቋም አለ። ተቋሙ በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 211 የተቋቋመ ሲሆን አቤቱታ የሚቀበለው በነፃ ነው፤ ባሕር ዳር ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት አለው። በፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይ ግን አይመረምርም። መረጃ ጠይቃችሁ ከተከለከላችሁ ደግሞ የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000ን ጥቀሱ። በአዋጁ መሠረት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለመረጃ ጥያቄ በ30 ቀናት ውስጥ መልስ መስጠት አለበት።

ወንጀል ሲሆን ለክልሉ የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን፣ ወይም ለፖሊስና ለዐቃቤ ሕግ ታመለክታላችሁ። ጥቆማችሁ «ሌቦች ናቸው» የሚል ከሆነ ማንም አያነሣውም። የትኛው ማሳ፣ በማን ስም የነበረ፣ በስንት ቀን በማን ፊርማ ወደ ማን ተላለፈ የሚለው ይጻፍ። ያያችሁትን ከሰማችሁት ለዩት። የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አደጋ ለሚያሰጋው ጠቋሚ ጥበቃ የሚጠየቅበትን መንገድ ይከፍታል። ጥበቃ ካስፈለጋችሁ ጥያቄውን ከጥቆማው ጋር አቅርቡ። ሐሰተኛ ክስም ራሱ በደል ነው፤ ቂም ያለው ሰው ኮሚቴውን መሣሪያ እንዳያደርገው ተጠንቀቁ።

ለወረዳ ኃላፊዎችም በዚሁ አጋጣሚ አንድ ቃል አለኝ። እንዲህ ያለ ኮሚቴ በቅንነት ሠርቶ የጻፈው ማመልከቻ ወረዳ ላይ መልስ ካጣ፣ በሚቀጥለው ምርጫ ቅን ሰው አይወዳደርም። ለልኬታ ለሚወጣው ባለሙያ አበሉን በወቅቱ ክፈሉት። የመዝገቡን ቅጂ ከቀበሌ ጋር በየጊዜው አስተያዩ። የተስተካከለ ስም ሁሉ ማን፣ መቼ፣ በምን ማስረጃ እንዳስተካከለው ይመዝገብ። ገበሬ እየተዘረፈ ያለው በሕግ እጦት አይደለም፤ የወጣው ሕግ በር ላይ ቆሞ ስለሚቀር ነው።

ሰብሳቢ፣ ከዚህ ሁሉ ለመጀመሪያው ወር ሦስት ሥራ ይበቃችኋል። የራሳችሁን ይዞታ ለሕዝብ አንብቡ፤ የማመልከቻ መዝገቡን ክፈቱ፤ የእናታችንን ማመልከቻ ደግሞ በመዝገቡ ላይ ተራ ቁጥር 1 አድርጋችሁ፣ መልስ የሚሰጥበትን ቀን ጻፉላት። ያንን ቀን ካከበራችሁ ቀሪው ሕዝብ ወረቀቱን ይዞ ይመጣል፤ የጉዳይ ገዳዩም ገበያ ከዚያ ቀን ጀምሮ መቀነስ ይጀምራል።